ከማጣሪያው የወጣ ናሙና

ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ከሥራ አስኪያጁ እስከ በር ዘበኛው ድረስ «ኮምጣጤ» ነው የሚሏት፤ ፊት ለፊት የማይደፍሯት ደግሞ ከኋላዋ ይሏታል። አንድም ቀኑን ሙሉ የዘይት አሲድ ስትለካ ስለምትውል ነው፣ አንድም ፊቷ ስለማይፈታ። እሷ ስሙን አልጠላችውም። ኮምጣጤ ቢያንስ አይበላሽም ትላለች፤ በዙሪያዋ ካሉት ሰዎች መካከል ይህን ያህል እንኳ የሚባልለት አላገኘችም።

ሰው ሁሉ ከእግሯ በታች ነበር። ሥራ አስኪያጁን «ክራቫት ያሰረ ጀሪካን» ትለዋለች። የማሽን ክፍል ሰዎች እጃቸውን በሱሪያቸው ስለሚጠርጉ ሰላምታቸውን በአገጯ ነው የምትመልሰው። የምትከራየው ክፍል ውስጥ ማንኪያዎቿ በቁመታቸው ተደርድረዋል፣ ፎጣዎቿ በአራት ታጥፈዋል፣ ወንበር ግን አንድ ብቻ ነው ያላት። ሁለተኛ ወንበር ያለው ቤት ወሬኛ ይጠራል ባይ ናት።

የምትኮራው በቁጥሯ ነው። ዘይቱን በብልቃጥ አድርጋ የመለኪያውን ኬሚካል ጠብታ በጠብታ ስታወርድበት፣ ፈሳሹ ሮዝ መልክ አውጥቶ ጸንቶ እስኪቆም ድረስ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። አንዱን ልኬት ሁለቴ ካልደገመች ብዕር አታነሣም። «ዐሥራ አንድ ዓመት! አንድ የውሸት ቁጥር ጽፌ ከሆነ እጄ ይቆረጥ» ትላለች፤ ይህን ያልጠየቃትም ሰው ሳይሰማው አይቀርም። እናም ጉዱ ሁሉ የመጣው በዚሁ በእውነተኛው ቁጥሯ በኩል ነው።

ፋብሪካው ማጣሪያ የሚባል ነገር ሁለት አለው። አንደኛው የዘይቱ ማጣሪያ ነው፤ ጥሬው ዘይት ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ነጥቶ፣ ሽታው ተነቅሎ የሚወጣበት፣ ቧንቧው ሁሉ የሚያብረቀርቅ አዳራሽ። ሁለተኛው ከግቢው ጀርባ ያሉት ሦስት የሲሚንቶ ገንዳዎች ናቸው፤ የፍሳሽ ማጣሪያ ይባላሉ። ከዘይቱ እጥበት የሚወጣው ትኩስ ውሃና የሳሙና ዝቃጩ እዚያ ገብቶ፣ ረግቶ፣ ጠርቶ እንዲወጣ ነበር የታሰበው። ሪባን ተቆርጦላቸዋል፣ ፎቶ ተነሥተዋል። በተመረቁ በአራተኛው ወር የዘይቱ ማጣሪያ ፓምፕ ሲቃጠል የገንዳዎቹ ፓምፕ ተፈትቶ ወደዚያ ተወሰደ። «ለጊዜው ነው» ተባለ። ጊዜው ይኸው ስምንት ዓመት ሆነው። የመጀመሪያው ገንዳ ቄጠማ አበቀለ፤ ሁለተኛው የአሮጌ ጆንያ መጣያ ሆነ፤ ሦስተኛው ላይ ዘበኛው ገመድ ወጥሮ ልብሱን ያሰጣበታል። ፍሳሹም አንዲት ቦይ ተቆፍራለት በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ዘይት ያነጡበት አፈር ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ተቆልሎ፣ ማንም እሳት ሳይጭርበት በገዛ ራሱ ይጤሳል። እንግዳ መጥቶ «ያ ምንድን ነው?» ካለ ሥራ አስኪያጁ በጠራራ ፀሐይ «ጉም ነው» ብሎ ይመልሳል።

ስለዚህ ፋብሪካው ውስጥ «ማጣሪያ» ከተባለ የዘይቱ ነው። ሌላ ማጣሪያ መኖሩን ከዘበኛው በቀር የሚያስታውስ የለም፤ እሱም የሚያውቀው በልብስ ማስጫነቱ ነው።

የዛሬ ስድስት ዓመት ከአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። «ከማጣሪያው የሚወጣውን ናሙና ከላብራቶሪ ውጤቱ ጋር በየሦስት ወሩ እንድትልኩልን በጥብቅ እናሳስባለን» ይላል። ደብዳቤው ማኅተም እንጂ ማብራሪያ አልነበረውም። ኮምጣጤ ብልቃጧን ይዛ ወደ ማጣሪያው ሄደች፤ ወደ ዘይቱ ማለት ነው። ግማሽ ሊትር ቀዳች፣ ለካች፣ ቁጥሩን ጻፈች፣ ፈረመች። ምንም ክፋት አላሰበችም። ዘይት ፋብሪካ ናሙና ላክ ሲባል ዘይት ይልካል፤ ሌላ ምን ይልካል?

ከወር በኋላ መልስ መጣ። «የላካችሁት ናሙና ጥራት ከጠበቅነው በላይ ሆኖ አግኝተነዋል። ሆኖም መጠኑ ለተሟላ ምርመራ በቂ ስላልነበረ ወደፊት ሃያ ሊትር ሆኖ እንዲላክ።»

ኮምጣጤ ደብዳቤውን ስታነብ ነገሩ ያን ጊዜ ገባት። የፈለጉት ፍሳሹን ነበር። እነዚያ ጉዶች ዘይቱን አይተው፣ አሽትተው፣ ቀምሰው፣ ቤታቸው ወስደው ጠብሰውበታል! ብቻዋን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ላብራቶሪው ውስጥ ስትስቅ የተሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው፤ የመጋዘን ሠራተኛዋ አመማት ብላ ሮጣ መጣች።

ሳቋን ጨርሳ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች።

«ስህተት ተፈጥሯል። ሰዎቹ የጠየቁት የቆሻሻውን ውሃ ነው፤ እኔ የላክሁት ዘይቱን ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ተቀብሎ ገለጠው።

«ቆሻሻ የሚል ቃል የቱ ጋ ነው ያየሽው?»

«የለም።»

«ፍሳሽስ?»

«እሱም የለም። ማጣሪያ ነው የሚለው።»

«አንቺስ ከየት ቀዳሽ?»

«ከማጣሪያ።»

«የጻፍሽው ቁጥር ውሸት ነው?»

«እኔ? ውሸት?» ደሟ ፈላ።

«እንግዲያስ ምን አስጨነቀሽ? ሃያ ሊትሩን ላኪ።»

ላከች። በየሦስት ወሩ አንድ ጀሪካን፣ ከጀሪካኑ ጋር አንድ ወረቀት፣ ከወረቀቱ ግርጌ ፊርማዋ። ጽሕፈት ቤቱም ተቀብሎ «ከማጣሪያው የወጣው ናሙና ንጹሕ ነው» እያለ መዝግቦ ያስቀምጣል። ጀሪካኑ የት እንደሚደርስ ሁሉም ያውቃል። ኮምጣጤ ናቀቻቸው፤ ስትንቃቸው ደግሞ ከልቧ ነው። «ሆዳሞች» ትላለች ክዳኑን እያጠበቀች። እሷ ምን አደረገች? ቁጥሯ እውነት ነው። ሌላው የእነሱ ጣጣ ነው። በዚህች ሐሳብ ስድስት ዓመት ሙሉ ጥሩ እንቅልፍ ተኛችባት።

ታላቅ እህቷ ባትኖር ኖሮ እስከ ጡረታዋም በተኛችባት ነበር።

እናታቸው የሞተችው ኮምጣጤ ገና ጥርሷን ስትነቅል ነው። ያሳደገቻት እህቷ ናት። ከፋብሪካው ቁልቁል የአንድ ሰዓት መንገድ ወርዶ፣ ወንዙ ዳር፣ ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር የምታለማበት ቁራጭ መሬት አላት። ኮምጣጤ የተማረችው በዚያ ጎመን ነው። ዓለምን ሁሉ ስትንቅ ያቺን ሴት ብቻ አልናቀችም፤ ድፍን ከተማውን «አንተ፣ አንቺ» ስትል እሷን «እትዬ» ነው የምትላት። እህቷም በበኩሏ ዛሬም «ሚጣ» ትላታለች። አርባ ዓመት የሞላት ሽበታም ኮምጣጤ፣ ሚጣ!

ከሁለት ዓመት ወዲህ ጎመኑ ቢጫ መሆን ጀመረ። ወንዙ ላይ ግራጫ ቆዳ የመሰለ ነገር ተንሳፈፈ። ውሃው መሬት ላይ ሲፈስ አይሰርግም፤ አፈሩ በቅባት ተለስኖ ወደ ጎን ይገፋዋል። እንቁራሪቶቹ ጠፉ። ከዚያም የጉድጓዱ ውሃ የከረመ ዘይት ይሸት ጀመር። እህቷ ወንዙን ትታ፣ ጉድጓዱንም ከድና ከኮረብታው ማዶ ካለ ምንጭ በጀርባዋ ውሃ መቅዳት ከጀመረች ሦስተኛ ወሯ ነው። ስልሳ ሊሞላት ነው፤ በቀን አምስቴ ትመላለሳለች። ኮምጣጤ እሑድ እሑድ ስትሄድ ወገቧን ይዛ ስትቀመጥ ታያታለች።

«ክስ አስገብተናል» አለቻት አንድ እሑድ። «መንደሩ ሁሉ ፈርሟል። እኔን ፊተኛ አድርገውኛል፣ አፍ አላት ብለው።» ወዲያው እጇን ያዘቻት። «አንቺን አላነሣሁም። የምትበይበት ቦታ ነው። አንቺ እንዳልሰማ ሁኚ።»

ኮምጣጤ አንገቷን ደፋች። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰዳትም። የእህቷን መሬት የሚገድለው የትኛው ቦይ እንደሆነ፣ ቦይዋን ንጹሕ ብሎ የሚመሰክረው የማን ፊርማ እንደሆነ አንድ ሕፃን እንኳ ቢጠየቅ ያውቀዋል። ኮምጣጤ ግን ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀባት። የሌላውን ሰው ጉድፍ ከሩቅ የምታይ ዓይን አለቻት፤ ወደ ራሷ ስትዞር ነው የምትጨልም።

ክሱን ለማጣራት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ማጣሪያውን የሚያጣራ አጣሪ ኮሚቴ! የማሽን ክፍል ሰዎች በዚህ ሳምንት ሙሉ ተሳሳቁበት። ሊቀመንበሩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው የጽሕፈት ቤቱ ሰው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ናሙናውን ሲመረምር የኖረው። ምርመራው ጉንጩ ላይ ይታያል።

ኮሚቴው በሚመጣበት ቀን ኮምጣጤ በማለዳ ገብታ፣ በአጥሩ ሥር ጎንበስ ብላ፣ ከቦይዋ አንድ ጠርሙስ ቀዳች። ቡናማ ነው፣ አናቱ ላይ አረፋ፣ ግርጌው ላይ ጭቃ። ላብራቶሪ ወስዳ ለካችው። ያን ውሃ ሰው ሲለካው የመጀመሪያው ነበር። የወጣውን ቁጥር አላመነችም፤ ሁለቴ ደገመችው። ከዚያ በወረቀት ጽፋ ጠርሙሱ ላይ ለጠፈችና ነጭ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ዛሬ ታሳያቸዋለች። ጠረጴዛው ላይ፣ ከእነዚያ አብረቅራቂ ወረቀቶች መካከል፣ ዷ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ሊቀመንበሩ ሲገረጣ፣ ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን ሲያላላ ታያት። የምትናገረውንም ቃል በቃል አዘጋጅታለች፤ መጀመሪያ ዝም ብላ ታዳምጣቸዋለች፣ ዋሽተው ዋሽተው ሲጨርሱ ትነሣለች። እንዲህ ያለ ቀን በየዓመቱ አይገኝም፤ ሳትቸኩል ልታጣጥመው ነው። እህቷን ለማዳን ነው የምትሄደው ቢባል እውነት ነው። ግን እነዚያን ሰዎች ለማዋረድም ነው የምትሄደው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥባት አልጠየቀችም።

አምስት ሆነው መጡ። ጓሮውን አላዩም። አንደኛው ወደዚያ ሊሄድ ሲል ሥራ አስኪያጁ «ጭቃ ነው፣ ጫማዎት ይበላሻል» አለውና ሰውዬው ጫማውን አይቶ ተመለሰ። ወደ ዘይቱ አዳራሽ ወሰዷቸው። «ይኸው ማጣሪያችን!» አለ ሥራ አስኪያጁ። የኮሚቴው ጸሐፊም «ማጣሪያው በሥራ ላይ እንዳለ በዓይን ታይቷል» ብሎ መዘገበ። ውሸት ነው የሚል ማን አለ?

ከዚያ ስብሰባ አዳራሹ ገቡ። የመንደሩ ተወካይ ሆና የኮምጣጤ እህት መጥታለች፤ አዲስ ሻሽ አስራ፣ የጎመኗን ቢጫ ቅጠል በፌስታል ይዛ። የላብራቶሪዋ ሴት እህቷ እንደሆነች ለማንም አልተናገረችም። ጠጋ ብላ እንኳ አላየቻትም፤ እንዳታስጠረጥራት።

ሊቀመንበሩ ቅጠሉን በሁለት ጣቱ አንሥቶ አስቀመጠው።

«እማማ፣ ይሄ በሽታ ነው፤ ትል ነው። ከፋብሪካው ጋር አይገናኝም። የኛ ሥራ በማስረጃ ነው።» ፋይሉን ከፍቶ ማንበብ ጀመረ። «ከማጣሪያው የወጣ ናሙና። ጠረን፣ የለውም። ዝቃጭ፣ የለውም። ቀለም፣ ወርቅማ። እርጥበት፣ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።»

ፍሳሽ ውሃ ውስጥ ውሃ የለም ማለት እኮ ነው! አምስት የተማሩ ሰዎች ይህን ሰምተው የአንዳቸውም ቅንድብ አልተነሣም። ኮምጣጤ ወንበሯ ላይ ሆና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች። እጇ ኪሷ ውስጥ ጠርሙሱን ይዟል። ትንሽ ይቆይ፣ ትንሽ ይቀጥሉ።

«ይህን የለካችው ማን ናት?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ይህቺው ናት» አለ ሥራ አስኪያጁ በእጁ እያመለከተ። «ዐሥራ አንድ ዓመት አብራን ሠርታለች። ሰው አትወድም፣ ሰውም አይወዳትም፤ እውነቱን ልናገር። ቁጥር ላይ ግን እንዲህ ያለች ሰው አላየሁም። አንዲት ነጥብ አሳስታ አታውቅም።»

አምስቱም ዞረው አዩዋት። አንዱ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀላት። ኮምጣጤ ይህን አልጠበቀችም ነበር። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያመሰገናት ሰው የለም፤ አሁን ክራቫት ያሰረው ጀሪካን በሰው ፊት አመሰገናት፣ እና ጉንጮቿ ሞቁ። የምትንቀው ሰው ምስጋና እንዲህ ይጣፍጣል ብሎ ማን ያምናል?

እህቷ ከወንበሯ ተነሣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየቻት።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ቁጥሩ ልክ ነው?»

ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው ቢሆን «ልክ ነው፣ ግን» ይል ነበር። ያቺ «ግን» እኮ ናት የእህቷን መሬት የያዘችው። ኮምጣጤን ግን ቁጥርሽ ልክ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ዓይንሽን ገልጠሽ ነው ወይ የምታይው እንደ ማለት ነው። ራሷን ቀና አድርጋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንድም የተሳሳተ የለበትም» አለች።

እህቷ ወደ ኮሚቴው ዞረች።

«እንግዲያስ እኔ ነኝ የተሳሳትሁ። ይህቺን ልጅ አውቃታለሁ፤ ውሸት አትጽፍም። ክሱን ትቻለሁ፣ ለመንደሩም እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ኮምጣጤ ኪሷ ውስጥ ያለውን ጠርሙስ ጨበጠች። አሁን ልነሣ አለች በሆዷ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ማንበብ ጀመረ፤ አንብቦ ሲጨርስ እነሣለሁ አለች። አነበበና አስፈረማቸው፤ ሲፈርሙ ማቋረጥ ነውር ነው፣ ከፈረሙ በኋላ አለች። እህቷ በአውራ ጣቷ ፈረመች። ከዚያ ወረቀቱ እሷው ጋ ደረሰ፤ «ባለሙያ» ከሚለው ቃል አጠገብ ባዶ ቦታ ተትቶላታል። ፈረመች። ያቺ ምላሰኛ፣ ያቺ ሰውን በአንድ ቃል የምታደርቅ ሴት፣ ለራሷ የምትሆን አንዲት ቃል አጥታ ፈረመች።

ግቢው ውስጥ ሮጣ ደረሰችባት።

«እትዬ!»

እህቷ አካባቢዋን ገላምጣ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሚጣዬ፣ ይቅር በይኝ። የአንቺ ሥራ መሆኑን ባውቅ መች እከስ ነበር። በአለቆችሽ ፊት ላዋርድሽ ነበር እኮ።» ወገቧን ያዝ አድርጋ ፈገግ አለች። «ደግሞም ተገላገልሁ። ያን ኮረብታ በከንቱ ነው የተመላለስሁበት። ከነገ ጀምሬ ከወንዙ አጠጣለሁ፤ ጉድጓዱንም እከፍተዋለሁ።»

«አትክፈቺው።»

«ለምን?»

ኮምጣጤ ጠርሙሱን ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻት። አረፋው ረግቶ ግራጫ ቆዳ ሠርቷል። እህቷ ገና ስታየው አወቀችው፤ ሁለት ዓመት አብራው የኖረች ናት።

«ያ የተነበበው የዘይት ቁጥር ነው። የውሃው ይሄ ነው» አለች ኮምጣጤ። «የኛ ማጣሪያ ፍሳሽ አያጣራም፤ የፍሳሹ ማጣሪያ ከቆመ ስምንት ዓመቱ ነው። የላክሁላቸው ሁልጊዜ ዘይት ነው።»

እህቷ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥታ ተመለከተችው።

«ይህን መቼ ቀዳሽው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ስጠይቅሽ ኪስሽ ውስጥ ነበር?»

«ነበር።»

«እየዳሰስሽው ነው 'አንድም የተሳሳተ የለበትም' ያልሽኝ?»

ኮምጣጤ ትሰድበኛለች ብላ ጠበቀች፤ ትመታኛለችም ብላ ተመኘች። እህቷ ግን ምንም አላደረገችም። ኮምጣጤ ሰውን ሁሉ የምታይበትን ዓይን ታውቀዋለች፤ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ የሚሄድና አገጭ ላይ ሳይደርስ የሚሰለች ዓይን ነው። አሁን በዚያው ዓይን እህቷ አየቻት። ከዚያ እህቷ ጠርሙሱን መለሰችላትና ወደ በሩ አመራች።

ኮምጣጤ ተከተለቻት። ዘበኛው እንግዶች ሲገቡ መታወቂያቸውን የሚያስቀምጡበትን ሣጥን ከፍቶ ያገላብጣል።

«የማን እንግዳ ነሽ፣ እናቴ?»

«የማንም አይደለሁም» አለች እህቷ፣ እጇን ለመታወቂያዋ ዘርግታ።